ሰማይ ላይ ያለው ሶዲየም ኦዞንን ሲያገኝ ምን ይሆናል?

ከቴሌስኮፕ ጣሪያ ላይ ወደ ሰማይ የሚወጣ ቢጫ የሌዘር ጨረር የሚያሳይ ቪዲዮ በየጊዜው ቴሌግራም ላይ ይዞራል። እኛ ሰፈር፣ የካ አባዶ፣ ቪዲዮው በመጣ ቁጥር ወሬው ያው ነው። አንዱ «አዲስ የጦር መሣሪያ ነው» ይላል። ሌላው «ሰማይ ላይ ሶዲየም እየረጩ ኦዞናችንን ሊጨርሱት ነው» ብሎ ያርፈዋል። የሰፈሩ ተማሪዎችም ይህንኑ ይዘው ይመጡና «እውነት ነው እንዴ?» ይሉኛል።

ጨረሩ የጦር መሣሪያ አይደለም። እዚያ ያለው ሶዲየምም የሰው ሥራ አይደለም። ሶዲየሙ ግን በእርግጥም አለ። ከኦዞን ጋርም ሌት ተቀን ይገናኛል። ሲገናኙ የሚሆነውን ለማወቅ ሰማዩን ማየት ብቻውን አልበቃም። ዋናው መልስ የተገኘው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ከአንድ የብርጭቆ ቱቦ ነው።

ቦታው የት ነው?

ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ የሚገባው የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ያን ያህል ርቀት ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ብትሄዱ የምናወራበት ቦታ ትደርሳላችሁ። የሶዲየሙ ንብርብር የሚገኘው ከ80 እስከ 105 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በደንብ የሚበዛው 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

ይህ ከፍታ ለማንም አይመችም። የመንገደኛ አውሮፕላን 12 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይበራል። የምርምር ፊኛ ቢበዛ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢደርስ ነው። ሳተላይት ደግሞ እዚያ ድረስ ዝቅ ብሎ መዞር አይችልም፤ አየሩ ፍጥነቱን ይቀማውና ይወድቃል። ገብቶ የሚለካው ሮኬት ብቻ ነው፣ እሱም ለጥቂት ደቂቃ ሰንጥቆት ያልፋል። አየሩ በጣም ስስ ነው። ግፊቱ እዚህ መሬት ላይ ካለው የሚሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ብርዱም ከዜሮ በታች 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይደርሳል።

ሶዲየሙ ራሱ እጅግ ጥቂት ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለው ጥቂት ሺህ አቶም ብቻ ነው። መላዋን ምድር የከበበው ሶዲየም ተሰብስቦ ቢመዘን 10 ኩንታል አይሞላም። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይህ ነው። ከአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ጥግ የሚያንስ ነገር ከምድር በመሣሪያ ይታያል።

ከየት መጣ?

ከተወርዋሪ ኮከብ ነው። ማታ ሰማይ ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ነገር ኮከብ አይደለም። ከጠፈር በሰከንድ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ፍጥነት የሚገባ ድንጋይ ወይም ደቃቅ አቧራ ነው። አየሩን ሲመታ ይግላል፣ ይተናል። ውስጡ ያለው ሶዲየምም አቶም አቶም ሆኖ እዚያው ይቀራል። አብዛኛው አቧራ ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ በዓይን የሚታይ ብልጭታ የለውም።

ድሮ የተለየ ሐሳብ ነበር። ጨው ውስጥ ሶዲየም ስላለ ከባሕር ተንኖ የወጣ ነው ያሉ ነበሩ። የባሕር ጨው ግን ዝናብና ደመና ባለበት ዝቅተኛ አየር ውስጥ ታጥቦ ይመለሳል። 90 ኪሎ ሜትር የሚያደርሰው መንገድ የለም።

የኦዞን ንብርብራችንን አይጎዳም?

አይጎዳም። ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀን የኦዞን ንብርብር በብዛት ያለው ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሶዲየሙ ከዚያ በጣም ርቆ፣ በጣም ከፍ ብሎ ነው ያለው።

90 ኪሎ ሜትር አካባቢም ኦዞን አለ፤ ከታችኛው የተለየና እጅግ የሳሳ ነው። እዚያም ቢሆን የኦዞኑ ዋና ጠላት ሶዲየም አይደለም፣ ሃይድሮጅን ነው። ሶዲየሙ ከቁጥር አይገባም። ለእያንዳንዷ የሶዲየም አቶም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኦዞን ሞለኪውሎች አሉ።

እና ሲገናኙ ምን ይሆናል?

ሁለት ነገር እንያዝ። መተንፈሻችን የሆነው ኦክስጅን ሁለት የኦክስጅን አቶሞች የተጣመሩበት ሞለኪውል ነው። ኦዞን ግን ሦስት አቶም ነው። ሦስተኛዋ ላላ ብላ ነው የተያዘችው። 90 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ የፀሐይ ጨረር የሰነጠቃቸው ነጠላ የኦክስጅን አቶሞች በብዛት ይንሳፈፋሉ።

የሶዲየም አቶሟን ከአያት መገናኛ እንደምትመላለስ ሚኒባስ አስቧት። ኦዞን ጋ ስትደርስ አንድ የኦክስጅን አቶም ታሳፍራለች። አሁን ስሟ ሶዲየም ሞኖክሳይድ ነው። ኦዞኑ አንድ ስለጎደለበት ተራ ኦክስጅን ሆኖ ይቀራል። ቀጥላ ነጠላ ኦክስጅን ስታገኝ ተሳፋሪዋን ታወርዳለች። ሁለቱ ኦክስጅኖች ተጣምረው ይሄዳሉ። እሷ ባዶዋን ትመለስና እንደገና ኦዞን ትፈልጋለች። ሲነጋም ሲመሽም ሥራዋ ይኸው ነው።

ማታ ለማሳፈር ከደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይፈጅባታል። ለማውረድ ግን ከሰከንድ እጅግ ያነሰ ጊዜ ይበቃታል፣ ምክንያቱም ነጠላው ኦክስጅን ከኦዞኑ በብዙ እጥፍ ይበዛል። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት ብታዩዋት ብዙውን ጊዜ ባዶ ናት። ከምድር የሚታየው ንጹሕ የሶዲየም አቶም የሆነውም ለዚህ ነው።

ስታወርድ አንዳንዴ ትርፍ ጉልበት ይዛ ትቀራለች። ያንን ጉልበት በብርሃን መልክ ትለቀዋለች። ብርሃኑ ቢጫ ነው፣ የሞገዱ ርዝመት 589 ናኖ ሜትር ነው። ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ማለት ነው። ይህን ቢጫ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቡታጋዝ ላይ የተጣደ ሽሮ ገንፍሎ ሲፈስ ሰማያዊው ነበልባል ድንገት ቢጫ ይሆን የለ? ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ነው። የቡታጋዙም የሰማዩም ብርሃን አንድ ነው። የሰማዩ ግን በጣም ደብዛዛ ስለሆነ በዓይን አይለይም።

ይህን ብርሃን በምሽት ሰማይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1929 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የመዘገበው አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቬስቶ ስላይፈር ነው። እንግሊዛዊው ሲድኒ ቻፕማን ደግሞ በ1939 ከላይ የነገርኳችሁን የማሳፈርና የማውረድ ዑደት በሐሳብ ደረጃ አቀረበ። ያኔ ግን ማንም ፍጥነቱን አልለካም ነበር።

ታዲያ ላቦራቶሪው ለምን አስፈለገ?

ከምድር ሆናችሁ ሰማዩን ስታዩ የምታገኙት ውጤቱን ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ብርሃን፣ ይህን ያህል ሶዲየም። ብርሃኑ ቢቀንስ ኦዞኑ ቀንሶ ነው? ነጠላው ኦክስጅን አንሶ ነው? ወይስ ብርዱ ሪአክሽኑን፣ ማለትም ውህደቱን፣ አዝግሞት? እዚያ ሁሉም ባንዴ ይቀያየራል፣ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ሁለቱን ብቻ ለብቻቸው ታገናኛላችሁ። ሌላው ሁሉ እንዳይነካቸው ታደርጋላችሁ። ከዚያ ትለካላችሁ።

የሚለካው ነገር «አንድ ሶዲየም ከኦዞን ጋር ስንት ጊዜ ቢላተም ነው የሚዋሃደው?» የሚለው ነው። ሲያዩት ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ሶዲየም አስቸጋሪ ነው። ብረቱ ለስላሳ ነው፣ በቢላ ይቆረጣል። ውሃ ሲነካው ይንጣጣል፣ ይቀጣጠላል። እርጥብ አየር እንዳያገኘው ዘይት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በነጠላ አቶም መልክ ይዞ ማቆየት ደግሞ የባሰ ነው።

ቱቦው ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ይህን ይመስላል። ረጅም ቱቦ አለ። በአንዱ ጫፍ በኃይለኛ ፓምፕ አየሩ ይመጠጣል። በሌላው ጫፍ ትንሽ ምድጃ አለች፤ ቁራጭ ሶዲየም እዚያ ውስጥ ተቀምጦ በብዙ መቶ ዲግሪ ይሞቃል። ሲተን አቶሞቹን ሂሊየም ወይም ናይትሮጅን ይዟቸው ይነጉዳል። እነዚህ ጋዞች የተመረጡት ሶዲየሙን ስለማይነኩት ነው።

ኦዞኑ የሚሠራው ለብቻው ነው፣ በኦክስጅን ውስጥ ኤሌክትሪክ በመልቀቅ። መጠኑን ለማወቅ 254 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ያሳልፉበታል። ኦዞን ይህን ብርሃን ይውጣል፤ የተዋጠው ሲበዛ ኦዞኑም በዝቷል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በምትንሸራተት ቀጭን ቱቦ በኩል ወደ ትልቁ ቱቦ ይገባል።

መጨረሻው ላይ 589 ናኖ ሜትር ላይ የተቃኘ ሌዘር ይጠብቃል። ከኦዞኑ ያመለጠ የሶዲየም አቶም በሌዘሩ ሲመታ ቢጫ ያበራል። የተዋሃደው ግን አያበራም። ብርሃኑን መቁጠር ማለት ያመለጡትን መቁጠር ማለት ነው።

ሰዓት የሚያዘውስ እንዴት ነው? በርቀት። ጋዙ በሰከንድ 20 ሜትር የሚጓዝ ከሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ለማለፍ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ የኦዞኑን መግቢያ ከሌዘሩ ወደ ኋላ በሳባችሁት ቁጥር ሁለቱ አብረው የሚቆዩበትን ጊዜ አረዘማችሁ ማለት ነው። መግቢያው ወደ ኋላ ይሳባል፣ ቢጫው ይደበዝዛል። እንደገና ይሳባል፣ ይብስ ይደበዝዛል። ያ የመደብዘዝ ልክ ነው ወደ ፍጥነት ቁጥር የሚቀየረው።

ትልቁ ፈተና ግድግዳው ነው። የሶዲየም አቶም ብርጭቆውን በነካ ቁጥር እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ኦዞን ባይኖርም ቢጫው እየደበዘዘ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ያለ ኦዞን ይለካሉ፣ ግድግዳው የወሰደውን ያውቃሉ፣ ከጠቅላላው ይቀንሱታል። ይህ ካልተደረገ ግድግዳው የሠራው ሁሉ በኦዞን ይመካኛል።

በ1980ዎቹ እና በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ባሉ መሣሪያዎች የተገኘው መልስ ግልጽ ነበር። ሶዲየምና ኦዞን ከተላተሙ አይለቃቀቁም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ግጭት ወደ ሪአክሽን ያመራል። ቱቦውን ቢያቀዘቅዙትም ፍጥነቱ ብዙም አልወረደም። ብዙ ሪአክሽኖች በብርድ ያዘግማሉ፤ ይህ ግን 90 ኪሎ ሜትር ላይ ባለው ብርድ እንኳ ይሮጣል።

ምክንያቱ ኤሌክትሮን ነው። ሶዲየም ከዳር ያለችውን አንዷን ኤሌክትሮን አጥብቆ አይዛትም። ኦዞን ደግሞ ኤሌክትሮን ይወዳል። ገና ሳይነካኩ፣ ራቅ ብለው ሳሉ ኤሌክትሮኗ ዘላ ኦዞኑ ጋ ትገባለች። አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ይሆኑና እየተሳሳቡ ይላተማሉ። ለመነሻ የሚሆን ሙቀት አያስፈልጋቸውም።

ብርሃኑስ ገጠመ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተወሳሰበው። የማሳፈሩ ፍጥነት ተለካ። የማውረዱም ተለካ። የሰማዩ ብርሃን ግን አልገጥም አለ። ሰማዩ የሚያሳየው ብርሃን እንዲገኝ ከመቶ ማውረድ ወደ አሥሩ ብርሃን ሊወጣው ይገባል። ላቦራቶሪ ውስጥ የተገኘው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ወይ ቻፕማን ተሳስቷል፣ ወይ ቱቦው ውስጥ ያለው ነገር ሰማዩ ላይ ካለው ይለያል።

በ1992 ደድሊ ኸርሽባክ እና ባልደረቦቹ መላ አመጡ። ኸርሽባክ በ1986 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። የሕይወቱን ሥራ የሠራው በነጠላ ሞለኪውሎች ግጭት ላይ ነው። ሐሳቡ ይህ ነበር። ሶዲየም ሞኖክሳይድ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የረጋ፣ ሌላው ጉልበት ያዘለ። ኦዞን የሚፈጥረው በዋናነት ጉልበት ያዘለውን ነው። ብርሃን የሚሰጠውም እሱ ነው። ቀደም ያለው ልኬት ይዞት የነበረው ግን የረጋውን ነው።

ሁለቱን ዓይነት ለመለየት ማግኔት አገለገለ። በማግኔት መካከል ሲያልፉ አንድ ዓይነት አይታጠፉም። ምርቱን በማግኔት መካከል አሳልፈው ሲያዩት በብዛት ጉልበት ያዘለው ሆኖ ተገኘ። በ2001 ደግሞ ይህ ዓይነት ሲያወርድ ከመቶው ወደ 14ቱ ብርሃን እንደሚወጣው ተለካ። ቻፕማን ዑደቱን ባቀረበ ከ60 ዓመት በኋላ ሂሳቡ መግጠም ጀመረ።

ገና አላለቀም። ቢጫው ብርሃን በደንብ ሲታይ ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ 589.0፣ ሌላው 589.6 ናኖ ሜትር። የመጀመሪያው የሁለተኛውን እጥፍ ይደምቃል ተብሎ ሲታመን ኖሯል። በ2005 ቶም ስላንገር እና ባልደረቦቹ በትልልቅ ቴሌስኮፖች የተመዘገበውን የሰማይ ብርሃን ሲመረምሩ ግን ድምቀቱ ከ1.2 እስከ 1.8 እጥፍ ሲዋዥቅ አገኙት። ማብራሪያው ተመልሶ ወደነዚያ ሁለት ዓይነቶች ወሰደ። ጉልበት ያዘለው ሞለኪውል ነጠላ ኦክስጅን ሳያገኝ በፊት ከሌላ ሞለኪውል ከተላተመ ይረጋል። የረጋውና ያልረጋው የሚሰጡት ብርሃን በሁለቱ መስመሮች ላይ እኩል አይከፋፈልም። ስለዚህ የሁለቱ መስመሮች ድምቀት እዚያ ላይ ነጠላ ኦክስጅን ምን ያህል እንዳለ ፍንጭ ይሰጣል።

ሶዲየሙ መጨረሻው ምንድን ነው?

ከ85 ኪሎ ሜትር ወረድ ሲል ነጠላው ኦክስጅን ይቀንሳል። ሶዲየም ሞኖክሳይድ ከውሃ ትነትና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ደረጃ በደረጃ ይዋሃድና ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሆናል። በሌላ ስሙ ቤኪንግ ሶዳ ነው። አዎ፣ ዳቦ ውስጥ የምንጨምረው። ይህ ደግሞ ከተወርዋሪ ኮከቦች በተረፈው ደቃቅ ጭስ ላይ እየተጣበቀ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይሰምጣል።

ሌዘሩስ ምንድን ነው?

ሌዘሩ ሰው ሠራሽ ኮከብ መሥሪያ ነው። ከቴሌስኮፕ አጠገብ የሚወጣው የ589 ናኖ ሜትር ጨረር 90 ኪሎ ሜትር ላይ ያሉትን የሶዲየም አቶሞች ሲመታ እነሱም መልሰው ያበራሉ። ከታች ሲታይ ትንሽ ኮከብ ይመስላል። ከእኛ በላይ ያለው አየር ስለሚንቀጠቀጥ የእውነተኛ ኮከቦች ምስል ይደበዝዛል። ቴሌስኮፑ ሰው ሠራሹ ኮከብ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ እያየ መስታወቱን በሰከንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያስተካክላል። ቺሊ ውስጥ ፓራናል ተራራ ላይ ያለው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ከ2016 ጀምሮ አራት እንዲህ ያሉ ሌዘሮች አሉት። እያንዳንዳቸው 22 ዋት ናቸው። ዓይንን ስለሚጎዱ አውሮፕላን ሲቀርብ ይጠፋሉ። ሶዲየሙን ግን አይለውጡትም። አቶሟ ብርሃኑን ወስዳ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ መልሳ ትለቀዋለች፣ ሥራዋን ትቀጥላለች።

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። እንዲህ ያለው ሌዘር በብዛት የሚተከለው ግን 8 ሜትርና ከዚያ በላይ መስታወት ባላቸው ላይ ነው። ተማሪዎቹ «የእኛው ለምን አይተኩስም?» ሲሉኝ የምመልሰው ይህን ነው። የእንጦጦው ትልቁ ፈተና ከታች የሚወጣው የከተማው መብራት ነው። እሱ በየዓመቱ ወደ ለገጣፎና ወደ ሱሉልታ እየሰፋ ነው።

ሌዘሩ ሌላም ጥቅም አለው። ከ1969 ጀምሮ ሳይንቲስቶች አጫጭር የሌዘር ምቶችን ወደ ሶዲየሙ እየላኩ የሚመለሰውን ብርሃን ይለካሉ። ከብርሃኑ የዚያን ከፍታ ሙቀትና ነፋስ ያነባሉ። ይህ ለአየር ንብረት ጥናት ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚህ ታች ሲያሞቅ እዚያ ላይ ያቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ይጨምር አይጨምር ማየት የሚቻለው ለብዙ ዓመታት በተከታታይ ሲለካ ነው።

ጠፈር በየቀኑ ምን ያህል አቧራ ይጥልብናል የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ግምቶቹ በቀን ከጥቂት ቶን እስከ ከ200 ቶን በላይ ይለያያሉ፣ ሰፊ ልዩነት ነው። አንዱ ማጥበቢያ መንገድ የሶዲየሙ ንብርብር ነው። ስንት አቶም እንዳለ በሌዘር ይቆጠራል። በምን ፍጥነት ወደ ቤኪንግ ሶዳ ተቀይሮ እንደሚወርድ ከላቦራቶሪ ቁጥሮች ይሰላል። የሚወርደውን የሚተካው ደግሞ ከላይ የሚገባው ስለሆነ የአቧራው መጠን ከዚያ ይገኛል። ቱቦው ውስጥ የተለካ አንድ ፍጥነት ከተሳሳተ የአቧራው ሂሳብም አብሮ ይሳሳታል። ሶዲየምና ኦዞን በተለያዩ ላቦራቶሪዎች፣ በተለያዩ ዘዴዎች ተደጋግመው የተለኩትም ስለዚህ ነው።